ለቅዳሜ የተቀጠረ መርዶ

በዚያ ሰሞን ፌስቡክና መሰሎቹ ተዘግተው፣ አገሩ ሁሉ በቪፒኤን ነበር የሚኖረው። አሰላም ከአገሩ አልተለየችም። ባጃጅ ነጂው፣ ካርድ ክፍል የምትሠራው፣ በጋሪ ስንዴ የሚያመላልሰው ሳይቀር ከስልኩ አናት ላይ ያቺን የቁልፍ ምስል ካላየ ቀኑ የነጋ አይመስለውም። የኮሌጁ ኔትወርክ ባለሙያ መርሻ ደግሞ ማንም ሳይሾመው የከተማው ቪፒኤን ሐኪም ሆኖ አረፈው። ሰው መንገድ ላይ ያገኘውና ጤናውን እንኳ ሳይጠይቅ ስልኩን ያቀብለዋል። መርሻም ቆሞ ይቀበላል፣ ያያል፣ ሁለት ሦስት ቦታ ይነካካል፣ ይመልሳል።

"ተባረክ" ይሉታል።

"እሺ" ይላል።

ንግግሩ ይኸው ነው። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ሻይ ቤት ሲገባ ሰው ወንበሩን ስቦ ወደሱ የሚጠጋ፣ በአለቃው አረማመድ ሳይቀር የሚያላግጥ ሰው ነበር። አምና እናቱ ወይዘሮ ዘመናይ በትውልድ አገሩ በዲክሲስ ከሞቱ ወዲህ ግን ሰውየው ከግድግዳው እንደተነቀለ ፍሪጅ ሆነ፤ ቆሟል፣ በሩም ይከፈታል፣ ውስጡ ግን መብራት የለም። ለቅሶው ላይ አላለቀሰም። አርባው ላይም አላለቀሰም። "ጠንካራ ልጅ" አሉት። ሰው እኮ ላየው ነገር ስም ማውጣት ይወዳል። መርሻ ጥንካሬ እንዳልሆነ ያውቃል፤ ምን እንደሆነ ግን አያውቅም። ምግብ ይበላል፣ ጣዕሙ አይመጣለትም። በዚያ በአሰላ ብርድ ጃኬቱን ረስቶ ይወጣና ብርድ መሆኑን የሚያውቀው ሰው "አይበርድህም እንዴ?" ሲለው ነው።

ሐሙስ ጠዋት ምክትል ዲኑ ከዲሮ ቢሮው ድረስ አስጠራው። ከዲሮ ሲስቅ ከሦስት ክፍል ወዲያ የሚሰማ ሰው ነው። ያን ቀን ግን በሩን ራሱ ተነስቶ ዘጋና ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ከጎኑ ጋሼ ገብረ መድህን ነበሩ።

ጋሼ ገብረ መድህን ከኮሌጁ ንብረት ክፍል ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። አሁን የእድር ሊቀመንበር ናቸው፤ ከዚያም በላይ መርዶ ነጋሪ ናቸው። ለሥራ ከሩቅ አገር መጥቶ አሰላ የተቀመጠ አስተማሪ፣ ነርስ፣ ጸሐፊ ሁሉ ወገኑ አገሩ ላይ ሲሞትበት፣ ዘመዶቹ በስልክ አይነግሩትም። አንዱ ሰው ይመጣል፣ ወይም ለጋሼ ገብረ መድህን ይደወላል። እሳቸውም ሰው አስከትለው፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ በሩን ያንኳኳሉ። ስለዚህ ማለዳ ጋሼ ገብረ መድህንን ደጁ ላይ ያየ ሰው ሳይናገሩት ይጮሃል። ቢሮ ውስጥ ተቀምጠው ማየትም ደግ ምልክት አይደለም።

"የማን ነው?" አለ መርሻ።

"የወለላ ወንድም" አለ ከዲሮ። "ብሩህ። ሚሌ አካባቢ መኪናው ተገልብጦ። ትናንት ቀበሩት። ያ ረቢ፣ ያ ልጅ እኮ ገና ሚስት እንኳ አላገባም።"

ብሩህን አሰላ ውስጥ በዓይኑ ያየው ሰው የለም፤ ድምፁን የማያውቅ መምህር ግን የለም። ወለላ ከወረኢሉ ተመድባ የመጣች የባዮሎጂ መምህርት ናት። አባቷ ከሞቱ ወዲህ ታናሿን ያሳደገችው፣ ለቁም ነገር ያበቃችው እሷ ናት። ብሩህ የጅቡቲ መስመር ጭነት መኪና ይነዳል። በደረሰበት ሁሉ ድምፁን ቀድቶ በሜሴንጀር ይልክላታል፤ "እታለም" ብሎ ይጀምርና ስለ ሙቀቱ፣ ስለ በላው ፍየል፣ ስለ ረዳቱ ማንኮራፋት ይቀደዳል። ወለላም በመምህራን ክፍል ድምፁን ከፍ አድርጋ ታሰማቸዋለች። አሁን ያንን ድምፅ የሰማው ሁሉ መሞቱን ያውቃል። የማታውቀው እሷ ብቻ ናት።

"አጎቷ ወንደሰን ነገ ከአዲስ አበባ ይገባል" አሉ ጋሼ ገብረ መድህን። "ቅዳሜ ማለዳ እናረዳታለን። ከዚያ ይዟት ይሄዳል። ብቻዋን ሰምታ ብቻዋን መንገድ እንዳትገባ ነው ጭንቁ። ሰውን ሁሉ አስጠንቅቀናል። የቀረው ይሄ ፌስቡክ የምትሉት ነገር ነው። የዘንድሮ ሰው አፈሩ ሳይደርቅ ፎቶ ይለጥፋል።"

"ማሎ፣ እባክህ ዋይፋዩን ለሁላችንም ዝጋው" አለ ከዲሮ።

"አያስፈልግም" አለ መርሻ። "የሷ ቪፒኤን ያፈሳል።"

ሁለቱም አልገባቸውም። መርሻ እንደ ልማዱ ባጭሩ አስረዳቸው፤ እኔ ትንሽ ላርዝመው። ስልክ ማንኛውንም ገጽ ከመክፈቱ በፊት "የእገሌ ቤት የት ነው?" ብሎ የሚጠይቀው አንድ አገልጋይ አለ፤ ባለሙያዎቹ ዲ ኤን ኤስ ይሉታል። ቪፒኤን ደግሞ መንገደኛውን ሸፋፍኖ በሌላ አገር በኩል ያሳልፈዋል። ደህና ቪፒኤን ከሆነ ጥያቄውንም አብሮ ይሸፍነዋል። በነጻ የሚወርደው ግን ብዙውን ጊዜ መንገደኛውን ይሸፍንና ጥያቄውን ሜዳ ላይ ይተወዋል። እስከ ዓይኑ ጋቢ ተከናንቦ፣ የሚሄድበትን ቤት ግን አደባባይ ላይ ጮክ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ማለት ነው። የአገር ውስጡ አገልጋይ ይሰማና "እንዲህ ያለ ቤት አናውቅም" ይላል። ፌስቡኩም አይከፈትም። ቪፒኤኑ ግን ነገር ዓለሙን ረስቶ "ተገናኝተዋል" እያለ አረንጓዴ ያበራል።

"ወደ አንተ ብትመጣስ?" አሉ ጋሼ ገብረ መድህን።

"አላስተካክልላትም" አለ መርሻ።

እንዲህ ሲል ፊቱ ላይ ምንም ነገር አልተንቀሳቀሰም። ሽማግሌው ይህን አይተው ትንሽ ተመለከቱት።

ቢሮው ተመልሶ ሲቀመጥ መርሻ የራሱን ነገር አሰበ። ለሥልጠና ሐዋሳ ሄዶ ሳለ ነው የደወሉለት። "እናትህ ትንሽ አሟቸዋል፣ ና" አሉት። ዲክሲስ ላይ ሽማግሌዎቹ ሊያረዱት ተዘጋጅተው ይጠብቁት ነበር። እሱ ግን አውቶቡሱ አሳሳ ላይ ቆሞ ሰው ሲያወርድ ስልኩን ከፈተና የአጎቱ ልጅ የለጠፈችውን አየ። የእናቱ ፎቶ ከጎኑ ሻማ ተደርጎበት። ከሥሩ የሚያለቅሱ ቢጫ ፊቶች ተደርድረው። አጠገቡ የተቀመጠችው ሴት የተጠበሰ በቆሎ እየበላች ነበር፤ "ላካፍልህ?" አለችው። "አይ፣ ጠግቤያለሁ" አላት። እስከ ዲክሲስ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረም። ከመኪና ሲወርድ ሽማግሌዎቹ ከአጥሩ ሥር ተነሱ፤ ፊቱን አዩ፤ እርስ በርስም ተያዩ። "ሰምቷል" አለ አንዱ። ሌሎቹም "ሰምቷል፣ ሰምቷል" ተባባሉና መንገድ ለቀቁለት። ገባ። ተቀመጠ። ያው ነው።

ወለላ እንዲህ እንድትሰማ አይፈልግም ነበር። ከዓመት ወዲህ ከፈለጋቸው ነገሮች ሁሉ በግልጽ የሚያውቀው ይኸን አንዱን ብቻ ነው።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ወለላ መጣች።

"መርሻዬ፣ ዛሬ ካላዳንከኝ ከአንተ ጋር ተጣልተናል" ብላ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። "ብሩህ ከሰኞ ጀምሮ ጠፋብኝ። ስልኩ አይሠራም። አክስቴ በረሃ ገብቶ ነው፣ ኔትወርክ የለም ትላለች። እማዬ ጋ ስደውል አክስቴ ናት የምታነሳው። ጉንፋን ይዟት ድምጿ ተዘግቷል አሉኝ። መቼም ብሩህ ሜሴንጀር ላይ አንድ ነገር ሳይልክልኝ አይቀርም። ይኸው ቪፒኤኑ ተገናኝቷል ይላል፣ የሚከፍተው ነገር ግን የለም። በዋይፋይም በዳታም ሞከርኩት።"

የእናትየዋ ድምፅ በጉንፋን ሳይሆን በለቅሶ እንደተዘጋ መርሻ ገባው። ዓይኑን ከስልኩ ላይ አላነሳም።

መመርመሪያ ገጹን ከፈተ። ከላይ "ኔዘርላንድ" ይላል፤ መንገደኛዋ ተሸፍናለች። ከታች፣ ጥያቄው የሚደርስበት አገልጋይ ተብሎ የተጻፈው ግን እዚሁ አገር ቤት ያለው ነው። በሽታው እንዳሰበው ነው። መድኃኒቱም አንድ መስመር ነው፤ የስልኩ ቅንብር ውስጥ ገብቶ፣ የግል ዲ ኤን ኤስ በሚለው ቦታ የአንድ ውጭ አገር አገልጋይ ስም መጻፍ። ለባጃጅ ነጂዎቹ ሁሉ እንዲህ እያደረገ ነው የሰጣቸው።

ለወለላ ግን ይህን አላደረገም። አገሩን ከኔዘርላንድ ወደ ጀርመን ቀየረው። ከጀርመን ወደ ሲንጋፖር ወሰደው። ስልኩ ውስጥ የተጠራቀመውን ጊዜያዊ ፋይል አጠፋ። ቪፒኤኑን አራግፎ እንደገና ጫነው። ስልኩን አጥፍቶ አበራው። ባዶ መሆኑን የሚያውቀውን ኪስ ሰው ፊት እንደሚፈትሽ ሰው ጊዜ ሰጥቶ ፈተሸ። ወለላ ወንበር ስባ ከጎኑ ተቀምጣ እያንዳንዱን ነገር ታያለች። ዓይኗ ተስፋ ሞልቶታል። ያ ዓይን የማንንም አንጀት ይበላል፤ መርሻ ግን እዚያ ቦታ ላይ ምንም ነገር አልተሰማውም።

"ሰርቨሩ ላይ ችግር አለ" አላት። "ነገ እናየዋለን።"

"ነገ?"

"ነገ ወይ ቅዳሜ።"

ስልኳን አነሳች። ከዚያ "እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ወጣች።

እንግዲህ መደበቁን ለመርሻ ብቻ ቢተዉት ኖሮ ቅዳሜ ይደርስ ነበር። ግን ሰው ሲደብቅ አያውቅበትም፤ በተለይ የእኛ ሰው። ለወለላ ያን ቀን የተደረገላት ደግነት ለስድስት ወር ይበቃ ነበር። የካፌዋ አሚራ ያላዘዘችውን ሾርባ አቀረበችላትና ዓይኗን ወዲያ አደረገች። ከዲሮ "ነገ ፈተና አትፈትኚም፣ ሌላ ሰው ተክቻለሁ" አላት፤ ከዲሮ ማለት ልጁ የታመመበትን መምህር እንኳ "ፈትነህ ሂድ" የሚል ሰው ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላም ብሏት የማያውቅ የሒሳብ መምህር ቦርሳዋን ተሸክሞ እስከ በር ሸኛት። መምህራን ክፍል ስትገባ ወሬው ጸጥ ይላል፤ ወዲያው ደግሞ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለ እግር ኳስ ይጀምራል። ሰው እንዲህ በፍቅር ሲከበብ ፈርቶ ባይጠይቅ ነው የሚገርመው።

ዓርብ ረፋዱ ላይ እንደገና መጣች። አልተቀመጠችም። ስልኳንም ጠረጴዛው ላይ አላኖረችም፤ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛዋለች።

"ቅድም በር ላይ የዘበኛውን ስልክ ስትሠራ አየሁህ" አለች። "ቆመህ ነው የሠራኸው። ከሱም ጋር እያወራህ አልነበረም፣ ዝም ብለህ። ወዲያው ተከፈተለት።"

መርሻ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት መደርደር ጀመረ።

"የኔን ትናንት ስትነካካ አየሁህ። እኔ ስለ ስልክ ምንም አላውቅም፤ አንተን ግን አውቅሃለሁ። ያልገባህን ነገር ስትይዝ ግንባርህን ታሻለህ። ትናንት ግንባርህን አንዴም አልነካኸውም።"

ወረቀቱን ተወው።

"የአሚራን ሾርባ ቻልኩት" አለች ወለላ። "የከዲሮን እረፍት ቻልኩት። የእማዬን ጉንፋንም ለራሴ እውነት ነው አልኩት። አንተ ይሄን ማስተካከል ሲያቅትህ ግን አበቃ። አንተ ያቃተህ ነገር አይቼ አላውቅም።" ትንፋሿን ሰበሰበች። "እማዬ ናት ወይስ ብሩህ?"

መርሻ መልስ ለመስጠት አልነበረም የተቀመጠው። ይህን የሚናገር ሰው አለ፤ ቀኑ ተቀጥሯል፤ አጎትየው መንገድ ላይ ነው። "እናትሽ ደህና ናቸው" ማለት ይችል ነበር፤ እውነትም ነው። ግን እንዲያ ቢል ሌላኛውን መናገሩ ነው።

"ብሩህ ነው?"

አንገቱን ደፋ።

እሷም ወንበሩን ሳትስበው ጫፉ ላይ ተቀመጠች። አልጮኸችም። ደረቷን አልመታችም። ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን የኬብል ጥቅልል ስታይ ቆየች። ከዚያ በጣም በቀስታ፦

"እሺ" አለች።

መርሻ ይህን ቃል ሲሰማ ክው አለ። ያ ቃል የሱ ነው። ዓመት ሙሉ ለሰው ሁሉ ሲመልስ የከረመው፣ ውስጡ ምንም የሌለበት ያ "እሺ" ነው። ከሷ አፍ ሲወጣ ከውጭ ሆኖ ሲያየው ፈራ። ከዓመት ወዲህ ፈርቶ አያውቅም ነበር። አስፈራው፤ ይህች ልጅ እዚችው ወንበር ላይ፣ በሱ እጅ፣ እንደሱ ልትሆን ነው።

"ወለላ" አላት። "እንዲህ አትሁኚ።"

"እንዴት?"

"እንደኔ።"

ከዚያ ነገራት። የሐዋሳውን ጥሪ፣ የአሳሳውን አውቶቡስ፣ በቆሎ የምትበላዋን ሴት፣ ሻማውን፣ ቢጫዎቹን ፊቶች። ለማንም ነግሮ አያውቅም ነበር፤ ቃላቱ እየተደነቃቀፉ ነው የወጡት። ዲክሲስ ላይ ሽማግሌዎቹ እንዴት ተነስተው መንገድ እንደለቀቁለት ነገራት። "ለዚህ ነው ያላስተካከልኩልሽ" አለ። "ሰው ይዞሽ እንድትሰሚ ብዬ።"

ወለላ ዓይኗን ከኬብሉ ላይ አንስታ አየችው።

"ከዚያ በኋላስ ማን ነገረህ?"

"ማንም። ሰምቷል አሉ።"

"አንድ ሰው እንኳ እናትህ ሞተዋል አላለህም?"

"ለምን ይሉኛል? አውቄዋለሁ እኮ።"

ውጭ የተማሪዎች ሳቅ ይሰማል። አንድ ጊዜ በሩ ተንኳኳ፤ ሁለቱም አልመለሱም፤ ያንኳኳው ሰው ሄደ። ወለላ ስልኳን ከደረቷ ላይ አውርዳ አቀበለችው።

"አሁን አስተካክልልኝ" አለች። "ፌስቡኩን አላይም። የሱን ድምፅ ብቻ።"

መርሻ ተቀበለ። ቅንብሩ ውስጥ ገባ፣ ያቺን አንዲት መስመር ጻፈ፣ መመርመሪያ ገጹን ከፈተ። ከላይም ከታችም ባዕድ አገር ሆነ። የሚያፈሰው ቆመ። ሥራው ወዲያው አለቀ፤ ከዘበኛው ስልክ የበለጠ ጊዜ አልፈጀም። ሜሴንጀር ሲከፈት የመልእክቱ ድምፅ እየተደራረበ ስልኩን አንቀጠቀጠው። ወለላ የሌሎቹን ስም አላየችም። ብሩህ የሚለውን ከፈተች። ያልተሰማ አንድ የድምፅ መልእክት ነበረ፤ ሰኞ የተላከ። ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። ያም ሆኖ ክፍሉ ጠባብ ነውና መርሻ ሰማው።

"እታለም፣ ሎጊያ ገባሁልሽ። ሙቀቱ አይጣል ነው፣ ጎማው ሊቀልጥ ነው። ምነው የአሰላን ብርድ በፌስታል አስረሽ በላክሽልኝ። ደግሞ በብርዱ አሳበሽ ካልሲ ሳታደርጊ እንዳትወጪ። በቃ፣ ቻው።"

እንደገና አልሰማችውም። ስልኩን አጥፍታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሳታስበው ዝቅ ብላ እግሯን አየች። ካልሲ አላደረገችም።

"ለማንም አትንገር" አለች ስትነሳ። "አጎቴ ከአዲስ አበባ ድረስ ይመጣል። ጋሼ ገብረ መድህን በዚያ ጉልበታቸው ጎህ ሳይቀድ ይነሳሉ። ይምጡ፣ ይንገሩኝ።"

"ታውቂያለሽ እኮ።"

"አውቃለሁ። ቢሆንም ይንገሩኝ።"

ቅዳሜ ማለዳ ጭጋጉ ከጭላሎ ተራራ ወርዶ አጥሩን ሸፍኖት ነበር። ጋሼ ገብረ መድህን ከፊት፣ አጎትየው ወንደሰን ከኋላቸው፣ ከዚያ ከዲሮና መርሻ፣ ከዚያ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ የሰፈሩ ሴቶች ሆነው ወደ ወለላ ቤት ሄዱ። ሽማግሌው በሩን ሁለቴ አንኳኩና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

በሩ ወዲያው ተከፈተ። ወለላ ለብሳለች። ወፍራም ካልሲ አድርጋለች። ከኋላዋ ጠረጴዛው ግድግዳ ሥር ተገፍቷል፣ ምንጣፉ ተጠቅልሎ ቆሟል፣ ፍራሹ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ለቅሶ የሚቀመጥበት ቤት ነው ያዘጋጀችው። ዓይነ ስውር ካልሆነ በቀር ይህን አይቶ የማይገባው የለም። ከዲሮ "ያ ረቢ" አለ በሹክሹክታ።

ጋሼ ገብረ መድህን ፍራሹን አዩ። ጠረጴዛውን አዩ። ዞር ብለው መርሻን አዩት። መርሻ የሚመጣውን አወቀ። ሽማግሌው አሁን "ሰምታለች" ይላሉ፣ ሌሎቹም "ሰምታለች፣ ሰምታለች" ይባባላሉ፣ መንገድ ይለቁላታል፣ ያበቃል። ዲክሲስ ላይ የሆነው ሁሉ ዓይኑ ፊት መጣ።

ሽማግሌው ግን ባርኔጣቸውን አወለቁ። ገቡ። ወለላን በክንዷ ይዘው ፍራሹ ላይ አስቀመጧት፣ እሳቸውም ጉልበታቸውን እያቃሰቱ ከጎኗ ተቀመጡ። ሴቶቹ ከበቧት። ምንም እንደማታውቅ አድርገው ከመጀመሪያው ጀመሩ።

"ልጄ ወለላ። ሁላችንም የፈጣሪ ነን። ሰጠ፣ ወሰደ። የማይቻል የለም፣ ይቻላል። ታናሽ ወንድምሽ ብሩህ፣ በሄደበት አደጋ ደርሶበት፣ አርፏል።"

ከዚያ ወለላ ጮኸች። የጮኸችው ለወጉ አልነበረም። ዓርብ ጠዋት ያልወጣው ሁሉ ነው የወጣው፤ ሴቶቹ ለአራት ያዟት፣ አልቻሏትም። "ብሩሄ! እታለም በለኝ!" አለች። አጎትየው ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ተንሰቀሰቀ። ከዲሮም አለቀሰ፤ ያን ድምፅ መምህራን ክፍል ስንቴ ሰምቶ ስቋል። መርሻ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። የሷን ማልቀስ አይቶ እፎይ አለ፤ ከዚያ ያለፈ ግን ምንም አልመጣለትም።

ፀሐይ ወጥቶ ጭጋጉ ሲገፈፍ ለቅሶው ረገብ አለ። አንዷ ሴት ውሃ አጠጣቻት። ወደ ወረኢሉ የሚወስዳቸው መኪና ደጅ ቆሟል። ወለላ በሰለለ ድምፅ ሽማግሌውን ጠራቻቸው።

"ጋሼ፣ ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ላስቸግርዎ።"

"ምን፣ ልጄ?"

"እዚህ ቤት መርዶ ያልተነገረው ሰው አለ።"

ከዲሮ ደነገጠ፤ ሌላ የሞተ ሰው ያለ መሰለው።

"መርሻ ነው" አለች። "የእናቱን አምና ከስልክ ላይ አየ እንጂ ማንም አልነገረውም። ሰምቷል ብለው ተዉት።"

"ኧረ ተይ፣ ወለላ" አለ መርሻ ከግድግዳው ሳይለቅ። "ዓመት አልፎታል። እኔ እኮ ደህና ነኝ። የዛሬው ለቅሶ ያንቺ ነው።"

ጋሼ ገብረ መድህን አልመለሱለትም። ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ አጎትየውን ተደግፈው ተነሱ። ቀስ ብለው መጥተው ፊቱ ቆሙና ትናንሽ ዓይኖቻቸውን ፊቱ ላይ አሳረፉ።

"የእናትህ ስም ማን ነበር?"

"ዘመናይ።"

ባርኔጣቸውን እንደገና አወለቁ። አንድ እጃቸውን ትከሻው ላይ አኖሩ፤ እጃቸው ከባድ ነበር፣ ሞቃትም ነበር።

"ልጄ መርሻ" አሉ። "ሁላችንም የፈጣሪ ነን። ሰጠ፣ ወሰደ። እናትህ ወይዘሮ ዘመናይ አርፈዋል።"

መርሻ "እሺ" ሊል አፉን ከፈተ። ዓመት ሙሉ ያልወጣው ለቅሶ ግን ቀደመው። ከዲሮና ወንደሰን በሁለት ክንዱ ያዙት፤ ሴቶቹም ፍራሹ ላይ ከወለላ ጎን ቦታ ለቀቁለት።